ያለ ሰው ወደ ጥልቁ የሚወርደው መልእክተኛ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ስለ ውቅያኖስ፣ ይልቁንም ሰው ሳይሳፈርባቸው ወደ ውቅያኖስ ጥልቅ እየወረዱ የውኃውን ሙቀትና ጨው ለክተው ወሬውን ለሰው ስለሚያመጡ መሣሪያዎች ታሪክ ለመናገር አስበናል። ከእናንተ መካከል «የባሕር በር በሌለው አገር ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ መስማት ምን ይረባል?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በንግግራችን መጨረሻ ላይ እንሰጣለን። ለጊዜው ግን፣ በሰኔ ወር ማሳውን አርሶና አለስልሶ ሰማዩን ቀና ብሎ የሚመለከተው ገበሬ የሚጠብቀው ዝናም የመጀመሪያ መነሻው ባሕር መሆኑን ብቻ እናስታውስ። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ከምድር ገጽ ከመቶው 71 እጅ የሚሆነው በባሕር የተሸፈነ ነው። አማካይ ጥልቀቱም ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። የእንጦጦን ከፍታ ያህል ተራራ በውቅያኖስ ወለል ላይ ቢቆም ጫፉ ከውኃው በላይ ብቅ አይልም ማለት ነው። የሰው ልጅ ግን በሺሕ ለሚቆጠሩ ዓመታት በመርከብ ሲመላለስ የኖረው በዚህ ሁሉ ውኃ ጀርባ ላይ ብቻ ነው። በፈረስ ጀርባ ላይ የተቀመጠ ሰው የፈረሱን የሆድ ሕመም ሊያውቅ እንደማይችል ሁሉ፣ መርከበኛውም ማዕበሉንና ነፋሱን ያውቅ ነበር እንጂ ከመርከቡ በታች ስላለው ዓለም የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነበር።

ይህን ጨለማ ለመግለጥ በሰፊው ታስቦበት የተደረገው የመጀመሪያው ጉዞ የተጀመረው በዲሴምበር 21 ቀን 1872 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት «ቻሌንጀር» የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከፖርትስማውዝ ወደብ ተነሣች። መርከቢቱ ከነበሯት 17 መድፎች ሁለቱ ብቻ ቀርተውላት፣ በተነሡት መድፎች ፋንታ የምርምር ክፍሎች ተሠርተውላት ነበር። አዛዥዋ ካፒቴን ጆርጅ ኔርስ፣ የምርምሩም አለቃ ቻርልስ ዋይቪል ቶምሰን ይባሉ ነበር። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በዓለም ውቅያኖሶች ስትዞር ወደ 127,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ተጓዘች፤ በ362 ስፍራዎችም እየቆመች ባሕሩን መረመረች።

ሥራው ትዕግሥትን የሚፈታተን ነበር። ከባድ ክብደት የታሰረበት ረጅም ገመድ ቴርሞሜትሮችን ይዞ ወደ ጥልቁ ይለቀቃል፤ ከታች ሲደርስ በእንፋሎት ኀይል በሚሠራ መሣሪያ እየተሳበ ይወጣል። አንዱን ስፍራ ለመለካት ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። በማርች 23 ቀን 1875 ዓ.ም. በፓሲፊክ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል የተለቀቀው ገመድ እስከ 8,184 ሜትር ድረስ ወርዶ ወለሉን ነካ። ይህም በዓለም ላይ እጅግ ጥልቅ መሆኑ ኋላ ከታወቀው ከማሪያና ገደል አጠገብ ነው። መርከቢቱ በሜይ ወር 1876 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ያመጣችው ዕውቀት ተጽፎ ሲያልቅ 50 ቅጽ ሆነ፤ የመጨረሻውም ቅጽ የወጣው በ1895 ዓ.ም. ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህች መርከብ ካመጣችው ሀብት ሁሉ፣ ከእንግዳ ዓሣውም ከዕንቁ ከመሰለው ዛጎልም ይልቅ፣ በመዝገብ ላይ በታማኝነት የሰፈረውን የሙቀት ቁጥር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። ያ መዝገብ ከ130 ዓመታት በኋላ እንደ ሽማግሌ ምስክር ተጠርቶ ሲቀርብ እናየዋለንና።

ነገር ግን በመርከብ የሚደረገው ምርመራ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መርከብ በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ ብቻ ትገኛለች። ዛሬ የለካችው ውኃ ነገ ይለወጣል፤ እርስዋ ግን ካለፈች በኋላ አታየውም። በክረምት ማዕበል በሚናወጠው በደቡቡ ባሕር ደግሞ ለመርከበኞቿ ሕይወት ስትል ለወራት ትርቃለች። ከዚህም በላይ መርከቢቱን በባሕር ላይ ለማቆየት የሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የባሕርን ጠባይ ዓመቱን ሙሉ ለመከታተል የሚፈልግ ሰው፣ ራሱ ሳይሄድ የሚሄድለት፣ ሳያርፍ የሚሠራለት፣ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚነግረው መልእክተኛ ያስፈልገው ነበር።

እንዲህ ያለውን መልእክተኛ ለመሥራት ሦስት ታላላቅ መሰናክሎች ነበሩ። አንደኛው የውኃው ግፊት ነው። ወደ ታች 10 ሜትር በተወረደ ቁጥር በምድር ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመራል፤ በ2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኀይል 200 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ሁለተኛው ጨውና የባሕር ፍጥረታት ናቸው፤ ጨው ብረትን ይበላል፤ ጥቃቅኖቹ ፍጥረታት ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚቆየውን ነገር ሁሉ እየተጣበቁ ያለብሱታል።

ሦስተኛው መሰናክል ለእኛ ለሬዲዮ ሰዎች በተለይ የሚገባን ነው። አሁን በየቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትሰሙት ይህ ድምፅ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ በአየር ይደርሳችኋል። በጨዋማው የባሕር ውኃ ውስጥ ግን የሬዲዮ ሞገድ ገና ጥቂት እንደ ገባ ደክሞ ይጠፋል። ወደ ጥልቁ የወረደ መሣሪያ ከላይ «ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ወደ ግራ ተመለስ» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ ተምሮ መውረድ አለበት፤ ከወረደም በኋላ ራሱን በራሱ መምራት ይኖርበታል። «በራሱ የሚመራ መሣሪያ» የተባለበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ከነዚህ መሰናክሎች የመጀመሪያውን በብልሃት ያለፈው ጆን ስዋሎ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። ቅል በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ድንጋይ ግን ይሰጥማል። ስዋሎ የፈለገው ከሁለቱ መካከል የሚሆን ነገር ነበር፤ ወርዶ ወርዶ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ሲደርስ የሚቆም፣ ሳይሰጥምም ሳይንሳፈፍም ከውኃው ጋር አብሮ የሚሄድ። ለዚህም ሕንጻ ሲሠራ ለመወጣጫ የሚተከለውን ዓይነት የአሉሚኒየም ቱቦ መረጠ። ቱቦው በግፊት ከባሕር ውኃ ያነሰ ስለሚጨመቅ፣ እየወረደ ሲሄድ በዙሪያው ያለው ውኃ እየከበደ ይመጣና በአንድ ስፍራ ላይ ሁለቱ ይተካከላሉ፤ ቱቦውም በዚያ ይቆማል። ክብደቱ በጥንቃቄ ከተመጠነ የሚቆምበትን ጥልቀት አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በአየር ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሚሄድ፣ ስዋሎ በቱቦው ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ አኖረበት፤ በላይ ያለችውም መርከብ ድምፁን እያዳመጠች ተከተለችው። ይህ ሙከራ በ1955 ዓ.ም. ተሳካ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1957 ዓ.ም. እነዚሁ ቱቦዎች ትልቅ ምስክርነት ሰጡ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጎርፈው የሞቀ የባሕር ወንዝ «ገልፍ ስትሪም» ይባላል። ከዚህ ጅረት በታች፣ በጥልቁ ውስጥ፣ ወደ ደቡብ የሚመለስ ሌላ ቀዝቃዛ ጅረት መኖር አለበት ብሎ በሒሳብ የተናገረ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ስዋሎ ቱቦዎቹን ወደዚያ ጥልቀት ቢልካቸው በእርግጥ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ተገኙ። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው በ1957 ዓ.ም. በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሞተር የሚነዳና ያለ ሰው ከባሕር በታች የሚሄድ መሣሪያ ተጀመረ፤ ከዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰውም እርሱ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ስዋሎና ጓደኞቹ «ኤሪስ» በተባለች ትንሽ መርከብ ከበርሙዳ ደሴት ተነሥተው በጥልቁ ባሕር ያለውን እርጋታ ሊለኩ ሞከሩ። የጥልቁ ውኃ እንደ ተኛ ኩሬ በዝግታ ይንፏቀቃል ተብሎ ይታመን ነበርና። ነገሩ ግን ተቃራኒው ሆኖ ተገኘ። ቱቦዎቹ ከታሰበው እጅግ በበለጠ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ተበታተኑ፤ መርከቢቱም ሁሉንም ማሳደድ አቃታት። ጥልቁ የራሱ ዐውሎና አዙሪት ያለበት መሆኑ በዚያ ጊዜ ታወቀ። ለተመራማሪዎቹም አንድ ነገር ግልጽ ሆነላቸው፤ መልእክተኛውን ለማዳመጥ ሁልጊዜ መርከብ ከኋላው መከተል ካለባት፣ ችግሩ ገና አልተፈታም።

አሁን ያንን በሒሳብ የተናገረውን አሜሪካዊ በስሙ እንጥራው። ሄንሪ ስቶመል ይባላል፤ በ1920 ዓ.ም. ተወለደ። ይህ ሰው በዘመኑ ከነበሩት የውቅያኖስ ሊቃውንት ሁሉ ከፊተኞቹ የሚቆጠር ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ያገኘው ማዕርግ ግን የመጀመሪያው ዲግሪ ብቻ ነበር፤ የዶክትሬትን ማዕርግ ተምሮ አልወሰደም። ዕውቀት በማስረጃ ወረቀት ብዛት ሳይሆን በማይሰለች ጥያቄ እንደሚገኝ የእርሱ ሕይወት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ስቶመል በ1989 ዓ.ም. የባሕር ተመራማሪዎች በሚያነቡት መጽሔት ላይ እንግዳ የሆነ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የምርምር ዘገባ አልነበረም፤ በ2021 ዓ.ም. ላይ ሆኖ ያለፈውን መለስ ብሎ እንደሚያወራ ሰው አድርጎ የጻፈው ልብ ወለድ ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ ወደ ሺሕ የሚጠጉ ትንንሽ መሣሪያዎች ያለ ሰው በዓለም ውቅያኖሶች ይዘዋወራሉ፤ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፤ ይወጣሉ፤ ያዩትንም በሳተላይት ይልካሉ፤ ሰዎች በአንዲት ደሴት ላይ ተቀምጠው ወሬውን ይቀበላሉ። የመሣሪያዎቹንም ስም «ስሎከም» አለው። ጆሹዋ ስሎከም ከ1895 እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ «ስፕሬይ» በተባለች ትንሽ ጀልባ ብቻውን ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ይህ ሕልም ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ስቶመል ዳግላስ ዌብ የተባለ የመሣሪያ ሠሪ ወዳጅ ነበረው። ዌብ አስቀድሞ ከውኃ በታች ድምፅ በመስጠት በሩቁ የሚሰሙ ተንሳፋፊዎችን ሠርቷል፤ ረስ ዴቪስ ከተባለ ተመራማሪም ጋር ሆኖ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገረውን ተንሳፋፊ ፈጥሯል። የስሎከምም የመጀመሪያ ሙከራ በ1991 ዓ.ም. በፍሎሪዳ አገር በምንጭ ውኃ ውስጥ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ግዛት ባለ ሐይቅ ውስጥ ተደረገ። ስቶመል ግን ሕልሙ በውቅያኖስ ላይ ሲፈጸም ለማየት አልታደለም፤ በጃንዋሪ ወር 1992 ዓ.ም. ዐረፈ።

አሁን የመሣሪያው አሠራር እንዴት እንደሆነ በአጭሩ እናስረዳ። ተንሳፋፊው ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ጠንካራ ቱቦ ነው። በውስጡ ባትሪ፣ ትንሽ ፓምፕና ዘይት አለው፤ ከታቹም የጎማ ከረጢት ተያይዞለታል። ፓምፑ ዘይቱን ከውስጥ ወደ ከረጢቱ ሲገፋው ከረጢቱ ይነፋል፤ የመሣሪያው ክብደት ሳይለወጥ ግዝፈቱ ብቻ ስለሚጨምር ወደ ላይ ይወጣል። ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲመለስ ከረጢቱ ይሟሽሻል፤ መሣሪያውም ይሰጥማል። ሞተር የለው፣ መቅዘፊያ የለው፤ ኀይል የሚያወጣው ለመውጣትና ለመውረድ ሲፈልግ ብቻ ስለሆነ ባትሪው ለዓመታት ይበቃዋል።

ይህ ተንሳፋፊ በብዛት ተሠርቶ የተሰማራበት ሥራ «አርጎ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከጥንቱ የግሪክ አፈ ታሪክ፣ ጄሰን የተባለው ጀግና ከተሳፈረባት መርከብ ነው፤ የባሕርን ከፍታ ከሰማይ ሆኖ የሚለካው ሳተላይት «ጄሰን» ተብሎ ስለ ነበር፣ የባሕሩ መሣሪያ በመርከቡ ስም ተጠራ። የመጀመሪያዎቹ ተንሳፋፊዎች በ2000 ዓ.ም. ወደ ባሕር ተጣሉ፤ በኖቬምበር 2007 ዓ.ም. ቁጥራቸው 3,000 ሞላ። እያንዳንዱ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ እየተንሳፈፈ ይቆያል፤ በየዐሥር ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ይወርድና ሙቀቱንና ጨዉን እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፤ በላይ ሆኖ ወሬውን ለሳተላይት ከሰጠ በኋላ ተመልሶ ይሰጥማል። በ2012 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮንኛው የልኬት ዝርዝር ተመዘገበ። ይህም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁሉ በመርከብ ከተደረገው ይህን መሳይ ልኬት በብዙ ይበልጣል።

ተንሳፋፊው ግን አንድ ነገር አይችልም፤ ጅረቱ ወደ ወሰደው ይሄዳል እንጂ ወደ ፈለገው አይሄድም። የስሎከም ብልጫ እዚህ ላይ ነው። ለስሎከም ሁለት ክንፎች ተሠርተውለታል። ጭልፊት ክንፏን ዘርግታ ሳታርገበግብ ወደ ፊት እየተንሸራተተች እንደምትወርድ፣ እርሱም ሲከብድ ወደ ታችና ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሲቀል ደግሞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይንሸራተታል። ባትሪው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ አፍንጫውን ዝቅና ከፍ ያደርግለታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በዝግታ የሚራመድ ሰው ይቀድመዋል። ሆኖም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው።

የዚህም ማረጋገጫ በ2009 ዓ.ም. ታየ። በአሜሪካ አገር የሚገኘው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች «ስካርሌት ናይት»፣ ማለትም «ቀዩ ፈረሰኛ» ብለው የሰየሙትን ተንሸራታች ከኒው ጀርሲ ጠረፍ ላይ በኤፕሪል 27 ቀን ወደ ባሕር ለቀቁት። ባለፈው ዓመት የላኩት መሣሪያ በአዞር ደሴቶች አካባቢ ጠፍቶባቸው ነበርና ስጋታቸው ትንሽ አልነበረም። ፈረሰኛው ግን እየሰጠመና እየወጣ፣ በወጣም ጊዜ ከሳተላይት ትእዛዝ እየተቀበለ፣ 221 ቀን ተጓዘ። ወደ 7,400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ፈጽሞ በዲሴምበር 4 ቀን በስፔን ጠረፍ አጠገብ በሰው እጅ ተነሣ። ወደ ወደብ የገባባትም ከተማ ባዮና ትባላለች። በ1493 ዓ.ም. «ፒንታ» የተባለችው የኮሎምበስ ጓደኛ መርከብ ከአሜሪካ ስትመለስ የአዲሱን ዓለም ወሬ ለአውሮፓ ያደረሰችው በዚህችው ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ወሬውን ያመጡት ሰዎች ነበሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን አትላንቲክን ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ ወሬ ያመጣው ሰው ያልተሳፈረበት መልእክተኛ ነበር።

መልእክተኛው ሁሉ በደኅና ይመለሳል ማለት ግን አይደለም። በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ፣ በባሕር ላይ የተዘረጋ እጅግ ወፍራም በረዶ አለ። በረዶው ከታች በሚገባው የሞቀ ውኃ እየሟሟ ስለሆነ፣ የባሕር ከፍታ ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚጨምር ለማወቅ ከበረዶው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ለሰው ግን እንዲህ ያለው ጉዞ ሞት ነው። የስዊድን አገር የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ «ራን» የተባለ በሞተር የሚሄድ መሣሪያ በ2022 ዓ.ም. ዶትሰን ከተባለው በረዶ ሥር ላከ። መሣሪያው በ27 ቀን ውስጥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተመላልሶ የበረዶውን የታች ገጽ ሣለ፤ ከዚያ በፊት ሰው አይቶት የማያውቀው የጠብታ ቅርጽ ያለው ጉድጓድም ተገኘ። በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያው ተላከ፤ ከበረዶው ሥር ገባ፤ አልተመለሰም። ፍለጋውም ከንቱ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ያዘኑት ስለ ውድ ንብረታቸው ብቻ አልነበረም፤ ያየውን ሳይነግራቸው ስለ ቀረ ነው። ቢሆንም በዚያ በረዶ ሥር የቀረ የሰው ልጅ የለም፤ መሣሪያው የተሠራውም ለዚሁ ነበር።

አሁን እንግዲህ እነዚህ ሁሉ መልእክተኞች ያመጡት ወሬ ምንድን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ ባሕሩ እየሞቀ መሆኑ ነው። የፋብሪካና የመኪና ጭስ በአየር ውስጥ ካስቀረው ተጨማሪ ሙቀት ከመቶው ከ90 የሚበልጠውን እጅ ውቅያኖስ ውጦታል። በ2012 ዓ.ም. ዲን ሮሚክ የተባለው ተመራማሪና ጓደኞቹ የቻሌንጀርን አሮጌ መዝገብ አውጥተው በተመሳሳይ ስፍራዎች አርጎ ከለካው ጋር አስተያዩት። በገመድና በቴርሞሜትር የተጻፈው ያ ቁጥር ከ130 ዓመታት በላይ ቆይቶ በእማኝነት ቆመ። የባሕሩ ገጽ በአማካይ 0.59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ366 ሜትር ጥልቀት 0.39፣ በ914 ሜትር ጥልቀትም 0.12 ሞቆ ተገኘ።

ይህ ቁጥር ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከባሕሩ የላይኛው 2.5 ሜትር ውኃ ብቻ የሚይዘው ሙቀት በምድር ዙሪያ ያለው አየር ሁሉ ከሚይዘው ጋር የሚተካከል ነው። እንግዲህ በመቶ በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ያለ ውኃ ግማሽ ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል ሙቀት እንደ ተከማቸ አስቡት። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» እንደሚባለው፣ ባሕሩ ሙቀቱን በዝምታ ስለ ተቀበለልን አደጋው የሌለ መስሎን ቆይቷል።

አሁን በመጀመሪያ የተነሣውን ጥያቄ እንመልስ። ይህ ሁሉ ለእኛ ለደገኞች ምናችን ነው?

ከኢትዮጵያ በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በየጥቂት ዓመቱ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ፤ «ኤል ኒኞ» ይሉታል። በምዕራብ በኩል ተከማችቶ የነበረው የሞቀ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል፤ በዚህም ምክንያት የዓለም የነፋስ መንገድ ይዛባል። ኤል ኒኞ በበረታ ጊዜ የአገራችን የክረምት ዝናም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። የእርሱ ተቃራኒ የሆነው «ላ ኒኛ» ሲመጣ ደግሞ የምሥራቁና የደቡቡ ቆላ የበልግና የመጸው ዝናም ያጣል። ሆኖም የሞቀው ውኃ ፊቱን በባሕሩ ገጽ ላይ ከማሳየቱ በፊት ለወራት ከገጹ በታች ይጓዛል። ከሰማይ የሚመለከት ሳተላይት የገጹን ሙቀት እንጂ የጥልቁን አያይም፤ ጥልቁን የሚያየው በውኃው ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው።

ልዩነቱን ሁለት ዘመናት ያስረዱናል። በ1982 ዓ.ም. ታላቅ ኤል ኒኞ ሲነሣ፣ ሊቃውንቱ ያወቁት ኀይሉ ከበረታ በኋላ ነበር፤ በጥልቁ ውስጥ በቂ ዓይን አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ በፓሲፊክ የምድር ወገብ ላይ ከወለሉ ጋር የታሰሩ ወደ 70 የሚጠጉ መለኪያዎች በ1994 ዓ.ም. ተተክለው አለቁ፤ የአርጎ ተንሳፋፊዎችም ታከሉበት። በ2015 ዓ.ም. እንደገና ታላቅ ኤል ኒኞ ሲነሣ፣ የአሜሪካ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች በማርች ወር መጀመሩን አስታወቁ። በዚያ ዓመት በአገራችን በሰሜንና በምሥራቅ የበልጉም የክረምቱም ዝናም ተጓደለ፤ በዓመቱ መጨረሻም የአስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተነገረ። ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስም ላ ኒኛ በተከታታይ ስለ ቆየ፣ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ የአርብቶ አደሩ ከብት በብዛት አለቀ።

በማርችና በጁን ወር መካከል ሦስት ወር አለ። ለገበሬ ሦስት ወር ብዙ ነው። ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ለመምረጥ፣ ከብቱን ዋጋው ሳይወድቅ ለመሸጥ፣ ድርቆሽ ለማከማቸት፣ ለመንግሥትም እህል ከሌላ አገር ገዝቶ ወደብ ለማድረስ የሚያስችል ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንቢያ እህል አይሆንም፤ ዝናሙንም አያዘንብም። የአገራችንን ዝናም የሚወስነውም ፓሲፊክ ብቻ አይደለም፤ የሕንድና የአትላንቲክ ውቅያኖሶችም ድርሻ አላቸው። ሆኖም የሚመጣውን ሳያውቁ መራብና አውቀው ተዘጋጅተው ክፉውን ቀን ማለፍ አንድ አይደሉም። ከጥልቁ የወጣው ወሬ እስከ ገበሬው ደጃፍ፣ ገበሬው በሚገባው ቋንቋና በጊዜው ካልደረሰ ግን የመልእክተኛው ድካም ሁሉ በመንገድ ይቀራል። ይህን የመጨረሻውን መንገድ የሚያሟላው የባሕር መሣሪያ አይደለም፤ የአየር ጠባይ ሠራተኛው፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የቀበሌው ሹምና እኛ የሬዲዮ ሰዎች ነን።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የአርጎን ተንሳፋፊዎች የሚያሰማሩት ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች ናቸው። የሚገኘው ቁጥር ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። አንድም ተንሳፋፊ ያልገዛ አገር ሊቅ፣ በአዲስ አበባ ተቀምጦም ቢሆን፣ ከገዙት እኩል ያነበዋል። አገሮች በባሕር ላይ በሚጣሉበት ዓለም ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ተንሳፋፊ ባትሪው አልቆ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝም ይላል፤ በየዓመቱም በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲሶች መተካት አለባቸው። ገንዘቡ ቢቋረጥ ባሕሩ በአንድ ጊዜ አይጨልምም፤ ድምፆቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዳሉ እንጂ። ያን ጊዜም ጉዳቱ የሚበረታው በጠረፍ ላይ በሚኖሩት ብቻ አይደለም፤ ባሕርን አይቶት በማያውቀው፣ ነገር ግን ዝናሙን ከባሕር በሚጠብቀው ደሃ ገበሬም ላይ ነው።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ቻሌንጀር ከወደብ በተነሣች ጊዜ በመዝገቧ ላይ ቁጥር የጻፉት ሰዎች የልፋታቸው ፍሬ በማን ዘመን እንደሚበላ አያውቁም ነበር። ስቶመልም የተመኛት ዓመት ሳትደርስ ዐለፈ። ሕልሙን ያኖረባት 2021 ዓ.ም. ስትደርስ ግን ሺሕ አይደለም፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ መልእክተኞች በውቅያኖሶች ውስጥ እየሰጠሙና እየወጡ ነበር። ዛሬ ማታ መብራታችሁን አጥፍታችሁ ስትተኙም ከእነዚህ አንዱ በጨለማው ጥልቅ ውስጥ ዘይቱን ወደ ከረጢቱ እየገፋ፣ ሙቀቱን እየለካ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ይሆናል። የሚያመጣውን ወሬ ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ እንዲኖረን ያስፈልጋል።